ሽማግሌ የተላከባቸው ቃላት

ማክሰኞ
ጉድ ሆንሁ! እንግሊዝኛ አዲስ ቃል እንዴት እንደሚፈጥር ስለፈልፍ ውዬ «ገባችሁ?» ብል፣ ዘጠነኛ ክፍሎች በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» መልመጃውን ስሰበስብ ባዶ ወረቀት። የክፍል አለቃቸውን ትዕግሥትን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «እየደከሙልን አልገባንም ማለት ነውር አይሆንም?» አለችኝ። ይሉኝታቸው ሊያስባርረኝ ነው። ዓርብ ኃላፊያችን አቶ ልዑል ክፍል ገብተው ያዩኛል። ካልወደዱት የሙከራ ጊዜዬ አበቃ፤ ወደ ዱርቤቴ ከተማ፣ እናቴ ቤት መመለሴ ነው። አልፈልግም!

ረቡዕ
ከሥራ በኋላ ከተማችን ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ተከዝሁ። አጠገቤ ሊጋቡ ያሉ ጥንዶች ለሰርጋቸው ቪዲዮ ይቀረፃሉ። ድንገት መጣልኝ፤ ቃላትም ይጋባሉ! ቁርስና ምሳ፣ ብሬክፋስትና ላንች ተጋብተው ብራንችን ወለዱ። ሁለቱም ከራሳቸው ቆርጠው ጣሉ፤ ትዳር ነዋ። ተማሪዎቼን የቃላቱ ሽማግሌ አደርጋቸዋለሁ፤ ሽማግሌ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሥራው መናገር ነው።

ሐሙስ
ግማሹን ክፍል የወንድ ወገን፣ ግማሹን የሴት ወገን አድርጌ የሚዳሩ ቃላት ሰጠኋቸው። ሽማግሌዎቹ ሹራባቸውን እንደ ጋቢ ደርበው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። እንዴት ያምርባቸዋል! ግን የሴት ወገኖች ሁሉ «እንምከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብለው መለሷቸው። ወግ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ደወል ተደወለ፤ አንድም ቃል አልተዳረም። እነዚህ ልጆች ይገድሉኛል።

ዓርብ
አቶ ልዑል ከኋላ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። «ሃውስ»፣ ቤት፣ ለ«ቦት»፣ ለጀልባ፣ ተጠየቀች። «ተጋብተው ምን ሊሆኑ?» አሉ የሴት ወገኖች። «ሃውስቦት! ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቤት!» እልልታው ቀለጠ። እኔ ሞኟ በልማድ «ገባችሁ?» አልሁ። ትዕግሥት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም። ብራንች ላይ ከብሬክፋስት ለምን ያን ያህል ተቆረጠ?» ያውም ኃላፊው ፊት! አፌን ሳልከፍት ግን ልጆቹ እየተሻሙ ማስረዳት ጀመሩ። ጭራሽ አቶ ልዑል ተነሥተው «እኔ የቁርስ ወገን ነኝ፤ ተበድለናል» ብለው ተከራከሩ። ደወል ሲደወል ግን ፈጥነው ወጡ።

ቅዳሜ
አቶ ልዑል ደወሉ። «አንቺ ልጅ፣ የሽምግልና ቤት ነው እንዴ የከፈትሽው?» ሻንጣዬን በዓይኔ ፈለግሁ። «ቋሚ ሆነሻል። ሰኞ ለሌሎቹ መምህራን ታሳያለሽ።» ብቻዬን ቤቱን በእልልታ ሞላሁት! ሰኞ ያስፈራኛል፤ ይሁን፣ እንዲህ ያለውን ፍርሃት ያምጣው። እናቴ ጋ ደወልሁ። እሷም እልል አለችና «እንግዲያ እዚህ የተውሁልሽን መኝታ ክፍል ድንች ላስገባበት?» አለች።
አስገቢበት፣ እናቴ። እስከ ጣሪያው!