የእማ ዓርቦች

ውድ ወንድሜ ፈሐድ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደህንነትህን ሰሞኑን በስልክ ስለሰማሁ ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። መደወል ስችል ወረቀት ያነሣሁት ሳታቋርጠኝ እንድትጨርስልኝ ብዬ ነው፤ አንተ በስልክ ሰው አታስጨርስም። መቆጣት መብትህ ነው። መሣቅም ትችላለህ፤ እኔ መጀመሪያ አልቅሼ በኋላ ስቄያለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ እማ ከደምበጫ ወደ ማርቆስ መጣችብኝ። የምሠራበት ፎቶኮፒ ቤት ድረስ ገብታ፣ ሰላምታዋን በቅጡ ሳትጨርስ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«ይኼ ስልክ ጠግቧል መሰለኝ፤ አልቀበልም እያለኝ ነው» አለች።

እውነትም ቦታ የለውም። ግን እማን ታውቃታለህ፤ ፎቶ አታነሣ፣ ቪዲዮ አታይ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስትሸጥ ውላ፣ ሰግዳ የምትተኛ ሴት ስልክ በምን ይሞላል? ነገሩ ከነከነኝ። ያለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ላስቀምጥላትና ስልኩን ላቀልላት ብዬ በኬብል አገናኘሁት።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ስልኩን አላየውም። ቻርጅ ያደርጋል፣ ያ ብቻ። አብሮኝ የሚሠራው ታረቀ ኬብሉ ነው ብሎ የራሱን ሰጠኝ፤ ያም ያው ሆነ። ግማሽ ሰዓት ከታገልኩ በኋላ ከስልኩ አናት ላይ ወደ ታች ስስብ፣ «ፋይል ለማስተላለፍ» የሚል ምርጫ ተሸሽጎ አገኘሁ። ስነካው ፎልደሮቹ ተዘረገፉ። የፎቶው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የድምፅ መቅጃው ውስጥ ግን መቶ ሠላሳ አንድ ፋይል አለ፤ አንዳንዱ አርባ ደቂቃ ይሆናል። ቀናቸውን ከካሌንደር ጋር አስተያየሁት። ሁሉም ዓርብ ነው፣ ሁሉም ከጁምዓ ሰላት በኋላ።

«እማ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ለወንድምሽ የምልክለት ነዋ! አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ፈሐድ፣ ዳታ የጠፋበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? ያኔ ቀይዋን ነጥብ ነክታ እንድታወራ፣ ስትጨርስ መልሳ እንድትነካት ያሳየኋት እኔ ነኝ። «ኔትወርክ ሲመጣ እኔ እልክልሻለሁ» አልኳት። ዳታው ሳይመለስ አግብቼ ወደ ማርቆስ መጣሁ። ሲመለስም የራሴን ቤት ሳደራጅ ረሳሁት። ነጥቧን መንካት ብቻውን ወደ አንተ እንደማያደርስ አልነገርኳትም፤ እሷም የምታወራው ሁሉ በዚያው ቅጽበት አዳማ ጆሮህ ውስጥ የሚገባ መስሏት ኖረች።

አንተ «እማ ምንም አላለችኝም» ስትለኝ እያጋነንክ መሰለኝ። እሷን ስጠይቃት ደግሞ «እኔ ነግሬዋለሁ፤ ይልቅ እሱ መልስ ይስጥ» ትለኛለች። አዳማ ስትሄድ ተጣልታችሁ ስለተለያያችሁ፣ መደዋወልም ስለተዋችሁ፣ ሁለታችሁም እልህ ተጋብታችኋል ብዬ መሀል አልገባም አልኩ። ሁለታችሁም እውነት ትናገሩ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ መቅዳት ስጀምር እማ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን ያህሉ እንዳለፈ የምታሳየው መስመር ቀስ እያለች ስትሞላ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ወደዚህ ሲያልፍ ከስልኬ ይወጣል?»

«አይወጣም። እዚህም እዚያም ይኖራል።»

«ጉድ እኮ ነው! ታዲያ ሰው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?» አለች።

እውነቱን የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። «ይኼን ሁሉ ዓርብ የሰማኝ ስልኩ ብቻ ነው በይኛ» አለችና፣ ደንበኞች እስኪዞሩ ድረስ ሣቀች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ፈቅዳልኝ ጥቂቶቹን ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ ተራ ወሬ ናቸው፤ ገበያው መቀዝቀዙን፣ የጣራው ቆርቆሮ መላላቱን ትነግርሃለች። እኔ የፈለግኩት ግን አንዱን ነው። መዲናን ልታገባ እንዳሰብክ፣ እማ ካልፈቀደች ግን ኒካህ እንደማታስር ባለፈው ዓመት የነገርከኝን ቀን አስታውሼ፣ የሚቀጥለውን ዓርብ ከፈትኩ። ቃል በቃል እንዲህ ትላለች፦

«ፈሐድዬ፣ ፋኢዛ ነገረችኝ። እናቷን አላውቅ፣ አባቷን አላውቅ። አንተን ግን አውቅሃለሁ። አግባት ልጄ፣ አላህ ያሳምርላችሁ። ስትሄድ የተናገርኩህን እርሳው፤ ንዴት ነው ያናገረኝ። ቀኑን ብቻ ንገረኝ።»

በሳምንቱ «ቀኑን አልነገርከኝም» ትላለች። በሌላው ሳምንት እንደገና። ከረመዳን በፊት ያለው ላይ ድምፅዋ ደክሟል፤ «ካለ እኔ አግብተህም ከሆነ አልቀየምህም፤ ግን ንገረኝ» ትላለች። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። አስራ አንድ ወር ሙሉ አንተም መዲናም ፈቃዷን ስትጠብቁ፣ ፈቃዷ እዚያች ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መዲናን አፉ በይኝ በልልኝ፤ አንተንም አፉ በለኝ እላለሁ።

ሁሉንም እዚያው በቴሌግራም ልልክልህ ፋይሎቹን መርጬ ነበር። እማ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪ። እንደገና አንድ ነገር ነክተሽ ይቀርብኛል። ሁሉንም ጻፊለት፤ እኔ ልንገረው ብል ልቅሶ ይቀድመኛል። ማድረሱን ለእኔ ተዪው።»

ፋይሎቹን በፍላሽ ገለበጥኩላት። እሷም ሱቋን ዘግታ ማክሰኞን እኔ ጋ አደረች፤ ረቡዕም ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ደብዳቤውን የሰጠህ የጎረቤታችን ልጅ ሙስዓብ ነው፤ መኪናውን አዳማ ወደምትሠራበት ጋራዥ ሲያመጣ ብቻውን አልመጣም። አንብበህ እስክትጨርስ ምንም እንዳይል አስምለነዋል። እማ ከጋራዡ በር ውጭ ቆማለች፤ እያነበብክ ፊትህን ማየት ፈልጋ ነው። ወረቀቱን አጥፈው፣ እጅህን ከዘይቱ ታጠብና ውጣ። ቀኑን ንገራት።

ይቅርታህን የምትጠብቅ እህትህ፣
ፋኢዛ
ደብረ ማርቆስ