በቁልቋል ሜዳ ጉዳይ የተናገርኩት

ሐረር
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፣

ገነቴ፣ ደህና መሆንሽን ከሰው አፍ ነው የምሰማው። የሰፈራችን ናፊያ ለዒድ ከዱባይ መጥታ ነበርና «ዕፀገነት ደህና ናት፣ ትንሽ ከስታለች እንጂ» አለችኝ። እሷ ነገ ስለምትመለስ በእጇ ልልክልሽ ብዬ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ስልኬን ካላነሳሽልኝ ሰባት ወር ሆነሽ። መስከረም ላይ ኮንትራትሽ ሲያልቅ «ሌላ ሁለት ዓመት ቻዪው» ስላልኩሽ መቀየምሽን አውቃለሁ። ተቀየሚ፣ መብትሽ ነው። ይህን ደብዳቤ ግን ሳትጨርሺ አትቅደጂው። በስምሽ የሆነ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእናትሽ ስሚው።

ቁልቋል ሜዳ የለም። ሐኪም ጋራ ግርጌ አንቺ ትሮጪበት የነበረው ሜዳ አሁን ብረትና ጉድጓድ ሆኗል። ዙሪያውን የነበረው ቁልቋል ተመንጥሮ በቆርቆሮ ታጥሯል። ሁለት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ይወጣዋል፤ ስልሳ አራት ቤተሰብ ይገባበታል። አንዷ እኔ ነኝ። ዕጣው ምድር ላይ ወጣልኝ፤ ሁለት ክፍል ከነወጥ ቤቱ፣ ውሃው ቤት ውስጥ ድረስ የሚገባ። ከእንግዲህ ጀሪካን ይዤ አልሰለፍም።

የምኖርባትን ክፍል ታውቂያታለሽ፤ ተወልደሽ ያደግሽባት ናት። ባለፈው ክረምት የጓሮው ግድግዳ ተንዶ አልጋዬን በላስቲክ ከልዬ ነው የከረምኩት። ባለቤቱ ሊያድሰው ቀርቶ «ላፈርሰው ነው፣ ሌላ ቤት ፈልጊ» አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የኖርኩበትን ቤት። ስለዚህ የቤት ማኅበር ሲቋቋም መጀመሪያ ከተመዘገቡት መካከል ነበርኩ። እንደሻውን ታስታውሺው እንደ ሆነ እንጃ፤ ፈረስ መጋላ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ያለው፣ ረጅሙ ሰውዬ ነው። ሰብሳቢያችን እሱ ነው። ቁልቋል ሜዳ ለማኅበሩ የሚሰጠው የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ከተስማማ ብቻ ነው ተባለ።

የሚቃወመው ብዙ ነበር። ልጆቻችን የት ይጫወቱ ይላል አንዱ፣ የሠርጉ ድንኳን የት ይተከል ይላል ሌላው። የሁሉም አፍ ግን ጋሽ ሀብተወልድ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ስፖርት አስተምረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ በየማለዳው ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሜዳው ላይ የማይጠፉት። ያ ሜዳ ድንጋዩ ተለቅሞ ሜዳ የሆነው በእሳቸው እጅ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመትሽ ጀምሮ አንቺን ለሩጫ ያበቁሽም እሳቸው ናቸው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ በተደረገው ስብሰባ እጃቸውን አውጥተው ተናገሩ። «ቤት የሌለው ሰው ቤት ይገባዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ከጋራው ማዶ ባዶ መሬት አለ። ድንጋያማ ነው፣ መንገድም ይፈልጋል፤ ግን እሱን እንጠይቅ፤ ቢሮ ለቢሮ ስትዞሩ እኔም አብሬያችሁ እዞራለሁ። ሜዳው ግን አንዴ ከተቆፈረ ለልጆቻችን ሌላ አናገኝላቸውም» አሉ። ሰው አጨበጨበ። የማኅበሩ አባሎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። የጋራው ማዶ ማለት ሌላ አራት አምስት ዓመት ማለት ነው። እኔ ደግሞ የቀረኝ አንድ ክረምት ነበር። ድምፅ መስጠቱ ለኅዳር ተላለፈ።

በማግስቱ እንደሻው ሸዋ በር ሽንኩርት ከምሸጥበት ቦታ ድረስ መጣ። ቲማቲሜን እያገላበጠ፣

«በለጡ፣ ሰው እሳቸውን እየሰማ ይህ ቤት አይገኝም» አለኝ።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ? እኔ እንደሳቸው መናገር አልችል።»

«ልጅሽ ሯጭ ነበረች አይደል? አዲስ አበባ ክለብ መርጧት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ በድንገት ሩጫውን ያቆመችው ለምንድን ነው?»

ምን እንደ ጠየቀኝ ወዲያው ገብቶኛል፤ አልዋሽሽም። ያቆምሽበትን ምክንያት አንቺም እኔም እናውቃለን። የክለቡ ደብዳቤ በመጣ በሳምንቱ ደላላው ጋ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ ሃያ አንድ ያስባልኩሽ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጋሽ ሀብተወልድ ሦስት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥተው «አንድ ዓመት ብቻ ስጫት» ብለው ለምነውኛል። በሦስተኛው «አባቷ ነዎት እንዴ?» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩባቸው። «አይደለሁም» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ይህን ለእንደሻው ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ፊቴን ትንሽ አየና፣ «እሑድ ስምሽን እጠራለሁ» ብሎኝ ሄደ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ፤ ወንበር ያጣው በመስኮት ቆሞ ይሰማ ነበር። እንደሻው «እስቲ የእናቶችን ሐሳብ እንስማ» አለና ጠራኝ። ያልኩትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ሌላ ሰው ጨማምሮ እንዳይነግርሽ።

«እኔ አንድ ልጄን ለዚያ ሜዳ ሰጥቼ ነበር። ዛሬ ሰው አገር የሰው ቤት ወለል ታጥባለች። ሩጫዋን ትታ ለምን እንደሄደች ጋሽ ሀብተወልድ ያውቃሉ። ይኸው እዚህ አሉ፣ ይጠየቁ።»

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ያውቃሉ አልኩ፤ ያውቃሉ።

እንደሻው «መምህር፣ ያውቃሉ ወይ?» አላቸው።

ጋሽ ሀብተወልድ ተነሡ። ወደ እኔ አዩ። ሊናገሩት ነው ብዬ የፊቴን ወንበር ጨብጬ ጠበቅሁ። እናቷ ናት በደላላ የላከቻት ቢሉ ምን እመልስ ነበር? እሳቸው ግን፣

«አዎ፣ አውቃለሁ» አሉ። «ነገር ግን ልጅቷ በሌለችበት አደባባይ ላይ የማወራው ነገር አይደለም። የሰው ገመና ነው።»

የሸፈኑት የእኔን ገመና ነበር፤ ሰዉ ግን የራሳቸው መሰለው። ከኋላ አንዲት ሴት «የምን ገመና?» አለች። ሌላዋ የልጇን እጅ ይዛ ከአዳራሹ ወጣች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ዘቢባ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ወላሂ ሦስት ልጆቼን ያሳደጉልኝ እኚህ ሰው ናቸው! በለጡ፣ አላህን ፍሪ፣ የምታውቂውን ተናገሪ» አለች። እንደሻው «ስሙ ያልተጠራ አይናገርም» ብሎ አስቀመጣት። ጋሽ ሀብተወልድ እንዲህ ወደዚያ፣ እንዲህ ወደዚህ እያዩ ምን እንደተፈጠረ ለጊዜው አልገባቸውም ነበር። ሲገባቸው አየሁ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ማን ሊሰማቸው። «እጅ ይውጣ» ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ። ማንም አልከሰሳቸውም። ተከሰው ቢሆን ፍርድ ቤት ቆመው መልስ በሰጡ ነበር። ሰው በቃ ልጁን መላክ ተወ። ኅዳር ሳያልቅ ማለዳ ማለዳ ሜዳው ላይ ብቻቸውን ይቆሙ ጀመር። በፊት ቤቷ አስገብታ ሻይ የምታጠጣቸው ሴት ሲያልፉ በሯን መለስ ታደርጋለች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ መጀመሪያ ከሰው ጋር ተጣልተው ነበር። በኋላ መጣላቱንም ተዉት፤ ከጥምቀት በኋላ ድሬዳዋ እህታቸው ጋ ሄደው እዚያው ቀሩ። ዶዘሩ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። እንዳይፈርስ ብለው ፊቱ ይቆማሉ ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን መጥተው የጎሉን ብረት በትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ።

ዘቢባ ዕቃዋን አንስታ ሸዋ በር ከወዲያኛው ጥግ ሄደች። ስትሄድ «የዕፀገነትን ሻንጣ እስከ መናኸሪያ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ፤ መንገድ ሙሉ አልሄድም እያለች ስታለቅስ ነበር። የማውቀውን አንቺም ታውቂያለሽ» አለችኝ። ለሰውም ትናገራለች፤ ግን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፣ ዕጣ ከወጣ በኋላ ማን ይሰማታል? ስልሳ አራት ቤተሰብ ነው።

አሁን ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ባለፈው ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው።

ጠዋት ወደ ገበያ ልወጣ ስል በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሀብተወልድ ናቸው። ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ ጺማቸውን አልተላጩም። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ።

«በለጡ፣ ልጣላሽ አይደለም የመጣሁት» አሉኝ። «ያን ቀን አውቃለሁ ያልኩት አንቺ እንደላክሻት ነው። ሰው ፊት ላሳፍርሽ አልፈለግሁም።»

«ገብቶኛል» አልኳቸው።

«አሁን ግን ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። አምስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ፣ ተናኘ እንኳ ዓይኔን ማየት ሲያቅታት፣ እኔ የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆን እላለሁ። ቁርጭምጭሚቷ ሲያብጥ አሽቼ በፋሻ የማስርላት እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ ስታሸንፍ እንደ ልጄ አቅፌያታለሁ። እኔ ሳላስበው የከፋት ነገር ነበር ወይ? እናት ነሽ፤ ነግራሽ ከሆነ አትደብቂኝ። ጾም ነው፣ ለንስሐ አባቴ ልናዘዝ እፈልጋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምናዘዝ ግን አላወቅሁም።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር የለመኑኝ፣ ገነቴ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው።

ምንም አላለችኝም ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ግን ያን ብላቸው ለዘቢባ ይነግራሉ፤ ዘቢባ ደግሞ ቢሮ ትሄዳለች፤ እንደገና ይጣራ ይባላል፤ ግንባታው ይቆማል። ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ነው የቀረው። አሳዘኑኝም ደግሞ። ከደጄ ባዶአቸውን ልሸኛቸው አልፈለግሁም፤ የሚያሳርፋቸውን ነገር ፈለግሁ።

«አይጨነቁ፣ ልጅ ነበረች» አልኳቸው። «ይቅር ብላዎታለች።»

ደጃፌ ላይ ቁጭ አሉ። ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ ብዙ አለቀሱ። ጎረቤት እንዳያይ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ከዚያ ተነሥተው ይህን ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል እጄን ያዙና ሳሙት። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አሳረፍሽኝ» አሉኝ።

ሲሄዱ ቁጥርሽን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ከስቅለት በፊት ይደውሉልሻል፤ «በእግሯ ባልወድቅ በስልክም ቢሆን ይቅርታ እጠይቃታለሁ» ብለዋል። የእኔን ባታነሺም የእሳቸውን እንደምታነሺ አውቃለሁ። አንሺላቸው፣ ልጄ። ወሬ አታብዢ። «ይቅር ብዬዎታለሁ» በያቸው፣ በቃ። «ምን አድርገውኝ?» ካልሽ እኔ ከዚህ ዕድሜ በኋላ የት እወድቃለሁ? ባለቤቱ ከትናንት ጀምሮ የጎረቤቴን ክፍል ማፍረስ ጀምሯል፤ ይህን ስጽፍልሽ አቧራው ወረቀቱ ላይ እያረፈ ነው። ሕንጻው እስኪያልቅ የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ጥግ ይሰጡኛል።

ደግሞ አትፍሪ፤ ጥፋታቸው ምን እንደሆነ አይጠይቁሽም። ማጥፋታቸውን አምነው ነው የሚደውሉት።

አዲሱ ቤት ሁለተኛው ክፍል መስኮቱ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ ያንቺ ነው። እመቤቴ ማርያም በሰው አገር ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፤ የምታገለግያቸውን ሰዎች ልብ ታራራልሽ፤ የደከመ ጉልበትሽን ታበርታልሽ። ለትንሣኤ በጤና ያድርስሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
በለጡ