የኅዳር ጽዋ

መስከረም 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

ገበያ ስለነበረ ወፍጮ ቤቱ ከማለዳ ጀምሮ ሞላ። ጤፍ፣ ገብስ፣ እንደገና ጤፍ... እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀና አላልሁም። ስወጣ ቅንድቤ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ጠላ ሻጯ አሰገደች አየችኝና፣ "አንቱ አያ ባዘዘው፣ ሽበትዎ የቱ ነው? ዱቄቱ የቱ ነው?" አለች። "ታጥቤ የሚቀረው የእኔ ነው" አልኋት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ታጥቤ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ነገሩ ተመልሶ መጣብኝ። ታጥቤ የሚቀረው... ምን ቀረኝ? የኪራይ ክፍል። አልጋ። የኪዳነ ምሕረት ሥዕል። የባለቤቴ የያለምወርቅ ነጠላ፣ ሳጥን ውስጥ። ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሳጥኑን አሁንም ቀስ ብዬ ነው የምከፍተው።

ወፍጮው የየሺዋስ ነው፤ እኔ ቅጥር ነኝ። የእኔው የናፍጣ ነበር። በብድር ተከልሁት። ወደ ከተማችን አምበር መብራት እንዲገባ ከሁሉ አብልጬ የተሳልሁ ደግሞ እኔው! ለእመቤታችን ጧፍ አስገብቻለሁ። ገባ። የሺዋስ የመብራት ወፍጮ ተከለ፤ በግማሽ ዋጋ ይፈጫል። ማን ወደ እኔ ይምጣ? እኔ ብሆንስ እመጣ ነበር? ወፍጮዬም ቤቴም በሐራጅ ተሸጡ። አልበቃ ሲል የጎደለውን ዋሴ ደምለው ከፈለ፣ የያለምወርቅ ታናሽ ወንድም። ከሁለት የእርሻ በሬው አንዱን ሸጦ።

ስለቴ ደርሷል። ማመስገን ይገባኛል? እስካሁን አልገባኝም።

ጥቅምት 7

ደምለውን መንገድ ላይ አየሁት። አንድ በሬውን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ሊያጣምር ወደ መቀናጆው ቤት ይነዳል። የሰውየው በሬ እስኪያርፍ፣ የሰውየው ማሳ እስኪያልቅ ተራ ይጠብቃል። የራሱ ጥማድ የነበረው ሰው!

"እንዴት አደርህ ደምለው?" አልሁት።

በሬውን "ሂድ!" አለው።

ጥቅምት 16

የኪዳነ ምሕረት ማኅበር። በሙሴያችን፣ በማኅበሩ መሪ በዘማርያም ቤት ነበር። አሥራ ሁለት ነን፤ ጽዋው ወር በወር ይዞራል። ከዘማርያም ቀጥዬ እኔ ነኝ፤ ኅዳር የእኔ ናት። የነቢያት ጾም በገባ ማግሥት። ያለምወርቅ "እመቤቴ ቅቤ እንዳንፈጅ ብላ ነው" እያለች ትስቅ ነበር።

በር አጠገብ ተቀመጥሁ። ከሐራጁ ወዲህ ቦታዬ እዚያ ነው። ማንም እዚያ ሁን አላለኝም... ወደ ውስጥ ግባም ያለኝ የለም።

ጸሎት አልቆ ጽዋው ሊነሣ ሲል ዘማርያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዘንድሮ ባዘዘውን አናስቸግረው። ወደ አስማማው ይለፍ፤ ኅዳርንም ታኅሣሥንም እሱ ይደግስ" አለ። በደግነት ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት ደምለው ከማዶ፣ "ታዲያስ! ጽዋውንም በዋስ ያንሣ እንዴ?" አለ።

ሳቁ። ብዙ አይደለም፤ ግን ሳቁ። አባ ፍቅረ ሥላሴ ብቻ መሬት መሬት አዩ። አስማማው ጽዋውን ይዞ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ፤ የተሸፈነበት ጨርቅ ትከሻዬን ነካኝ። ሌሎቹ ሊሸኙ ወጡ። እኔ መነሣት አቃተኝ።

ቤቴ ሲሸጥ እንዲህ አላመመኝም። ለምን?

ጥቅምት 17

ቅዳሴ ላይ ቆሜ መልሱ መጣልኝ። ያን ጊዜ የሄደው ዕቃ ነው። ትናንት የታለፍሁት ግን እኔ ነኝ። ለከርሞ ጥቅምት ጽዋው ዞሮ ይመጣል። ያኔም ካለፈኝ ልማድ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ቆም ብሎ አይጠይቅ።

ግን ደምለው ፊቱን እያዞረብኝ በምን አፌ "ተራው የእኔ ነው" እላለሁ?

ኅዳር 29

ልጄ የኔአለም ከማርቆስ መጣች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈተና ጨርሶ ነው። ክፍሌን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ለማየት እንኳ የሚበቃ የለውም።

"አባዬ፣ ማርቆስ ና በቃ። እኛ ጋ ሁን። እዚያ ማንም አያውቅህም።"

"እሱን ነው የፈራሁት።"

"እዚህስ የሚያውቁህ ምን አደረጉልህ? አጎቴ እንኳ ሰላም አይልህም!"

"አጎትሽ በሬ አጥቷል።"

"አንተስ ቤት አላጣህም?"

"እኔ የራሴን ነው ያጣሁት፤ እሱ በእኔ ነው።"

 ልጄ ስትናደድ ልክ እንደ እናቷ ከንፈሯን ትነክሳለች። ስትሳፈር አቀፈችኝ፤ ጥቁር ሹራቧ ላይ ዱቄት ቀረ። "እስከ ከርሞ አስብበት፤ ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ" አለች።

ታኅሣሥ 11

ደምለው ቤት ሄድሁ። ከደመወዜ ያጠራቀምሁትን ይዤ። መደቡ ላይ አስቀመጥሁለት። አላነሣውም።

"ብር ምን ያደርግልኛል? ዛሬ ጨው ነው፣ ነገ ዘይት ነው፣ ያልቃል። የእኔ የጠፋው በሬ ነው።"

"በሬ ከየት ላምጣ ደምለው?"

"ምናውቄ! እኔ ስፈርም ከየት ታመጣዋለህ ብዬ ጠይቄሃለሁ? እኅቴ ፈርምለት አለችኝ፤ ፈረምሁ።"

ብሩን ሰብስቤ ወጣሁ። እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ቀጥሎ ወደ መቃብሯ። ብዙ አልተናገርሁም። "ሰምተሽዋል" ብቻ አልኋት።

ታኅሣሥ 26

በሬ ገዛሁ! በሬ እንኳ አይባልም... ወይፈን፣ ቀይ፣ አጥንቱ የሚታይ። ለገና የሚታረደውን ሁሉ ሰው ከቦታል፤ እሱን ማንም ዞር ብሎ አላየው። ባለቤቱም፣ "ሰውዬ፣ ምን ልታደርገው ነው?" አለኝ። ብሩን ተቀብሎ ሲያበቃ!

የሺዋስ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንዳስረው ፈቀደልኝ። ወለሉ ላይ የሚፈሰውን ጥራጊም "ውሰድለት" አለኝ። የሺዋስን ስንት ሌሊት ረግሜዋለሁ። አሁን ሳየው ዓይኔን የሚሸሽ፣ ደመወዝ ሲሰጠኝ እሱ የሚያፍር ሰው ነው። መብራቱን ያስገባው እሱ አይደለም። የተሳልሁት እኔ ነኝ።

ለደምለው አልነገርሁትም። ቢሞትስ?

መጋቢት 9

ሊሞት ነበር።

ትናንት ጥራጊው ስለበዛ ጨመር አደረግሁለት። ዛሬ በጠዋት ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ምላሱ ወጥቶ አገኘሁት። ጮህሁ መሰለኝ፤ ሊያስፈጭ የመጣው ሰው ሁሉ ግር ብሎ መጣ። ደምለውም ነበር፣ ስልቻ ገብስ ይዞ።

"ምን አበላኸው?"

በስንት ጊዜው አነጋገረኝ።

"ጥራጊ... ዱቄት።"

"ዱቄት? ለከብት? ምነው ታዲያ ወጡን ረሳኸው!"

ስልቻውን ጥሎ ገባ። "ዘይት አምጡ!" አሰገደች ልትሸጥ የያዘችውን የኑግ ዘይት ሰጠች። ደምለው አፉን ፈልቅቆ አጠጣው። "ሽቅብ እንንዳው! አትቁም፣ ግፋ!" እሱ ከፊት ይስባል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ፤ ዳገቷን ስንት ጊዜ ወጣን ወረድን። ድንገት ወይፈኑ አገሣ። እንዴት ያለ ግሣት! የሺዋስ ከውስጥ ሮጦ ወጥቶ፣ "የወፍጮው ቺንጋ ተበጠሰ እንዴ?" አለ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀመጡ በሳቅ። ደምለው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

"የማን ነው?" አለኝ ሲሄድ።

"እኔ ነኝ የማበላው" አልሁ።

ውሸት አይደለም።

መጋቢት 20

ደምለው አንድ ሸክም ጭድ ወርውሮ ሄደ። ወይፈኑን "እንዴት ዋልህ ዱቄት?" አለው። እኔን ምንም።

ስሙ ዱቄት ሆኖ ቀረ።

ሚያዝያ 17

ፋሲካና የማኅበራችን ቀን ትናንት ገጠሙ። እንዲህ ያለ ቀን ዕድሜ ልክ ስንቴ ይገኛል? በር አጠገብ ተቀመጥሁ። ደምለው ከማዶ፣ "ጨው ትሰጠዋለህ?" አለኝ። "እሰጠዋለሁ።" "ጥሩ።" ይኸው ነው። ደስ ብሎኝ አደርሁ።

ሐምሌ 14

ዝናብ። ክፍሌ ያፈስሳል፤ አልጋዬን ሦስት ቦታ አዛወርሁ። የዱቄት ጣራ ከእኔ ይሻላል። ሻኛው ወጣ፣ አንገቱ ወፈረ። ደምለው በየሳምንቱ ይመጣል። ጭዱን፣ ጨውን፣ መዥገሩን ያወራል፤ ስለ ሌላ ምንም አናወራ። ይሁን። ለዚህም ተመስገን።

መስከረም 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

የማርቆስ ነጋዴ ለመስቀል በሬ ሊገዛ መጥቶ ዱቄትን አየው። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ደግሜ አስጠራሁት። የኔአለም ጋ ደወልሁ።

"አባዬ ሽጠው! ማርቆስ አንዲት ሱቅ እንከፍትልሃለን። እንደገና የራስህ ነገር ይኖርሃል።"

የራሴ ነገር... ቃሉ እንዴት ይጣፍጣል! ስንት ጊዜ ስናፍቀው የኖርሁት አይደል? ነጋዴው ነገ ይመለሳል።

መስከረም 13

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም መሀል ላይ ረሳሁት። ሱቅ እከፍታለሁ፣ ቀስ እያልሁ ለደምለው እከፍላለሁ... እያልሁ አስባለሁ። ወፍጮውን ስተክልም እንዲሁ ነበር የማስበው። ቀስ እያልሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ዱቄት ተኝቶ ያመሰኳል። አጠገቡ ጭድ አለ፤ እኔ ያላመጣሁት። ደምለው ወደ እርሻ ሲያልፍ ጥሎለት መሆን አለበት፣ በጨለማ።

ነጋዴውን መለስሁት። የኔአለም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ማታ ራሷ ደወለች። "እሺ" አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እያለቀሰች ነበር መሰለኝ።

ጥቅምት 4

ዱቄትን ደምለው ደጅ ድረስ ነዳሁት። ገመዱን ሰጠሁት።

"ምንድን ነው?"

"በሬህ ነው። ብር አልፈልግም ብለህ የለ?"

ገመዱን ይዞ ቆመ። ጥርሱን አየ፤ ስንቴ ያየውን ጥርስ። ጀርባውን ዳሰሰ። "የእኔው ከዚህ ይበልጥ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ። ቀሪውን በየወሩ አመጣለሁ።"

"ገና ቀንበር አልለመደም።"

"እሱን አንተ ታለምደዋለህ።"

አላመሰገነኝም። ምን ብሎ ያመስግነኝ? ብቻ በረቱ ድረስ ከነዳው በኋላ ዘወር አለ። "አያ ባዘዘው፣ ግባና ውኃ ጠጣ" አለኝ።

አያ አለኝ! ውኃውን ጠጣሁ።

ጥቅምት 16

እንደገና ማኅበር፣ በዘማርያም ቤት።

ጸሎቱ አለቀ። ዘማርያም፣ "እንግዲህ እንዳምናው ወደ አስማማው..." ሲል ከበሩ አጠገብ ተነሣሁ። "ተራው የእኔ ነው" አልሁ። ድምፄ ቀጠነብኝ።

 ዘማርያም፣ "ባዘዘው ወንድሜ፣ እመቤታችን ልብህን ታውቀዋለች። አትቸገር። ደግሞም ቤት..." አለ።

"ቤት አለኝ። ኪራይ ነው።"

"አሥራ ሁለት ሰው የት ያስቀምጣል?" አለ አንዱ። በክፋት አይደለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ።  ልቀመጥ ዝቅ አልሁ።

"ዋሱ እኔ ነኝ።"

ደምለው። ከማዶ፣ ቁጭ እንዳለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። "ምን ታዩኛላችሁ? እጄ እንደሆነ መፈረም ለምዷል!" አለ። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ያምናው ዓይነት ሳቅ አይደለም። አባ ፍቅረ ሥላሴ ባረኩና ጽዋውን እጄ ላይ አኖሩት። እንዲህ ይከብድ ነበር? ረስቼዋለሁ።

ሸኙኝ። ደምለው ከፊቴ ባትሪ እያበራ "ድንጋይ አለ፣ ጉድጓድ አለ" ይለኝ ነበር። አሁን ጽዋው ከሥዕሏ ሥር ነው። ያለምወርቅን ነጠላ አውጥቼ ሸፈንሁት።

ኅዳር 16

ሄዱ። ክፍሉ ገና ሰው ሰው ይሸታል።

ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ጠላ። ያው ጾም ነው፤ ያለምወርቅ እንዳለችው። ስንዴውን የሺዋስ ሳያስከፍል አስፈጨኝ። ጠላውን አሰገደች ጠመቀች፤ "የዘይቱን ዕዳ ገና አልከፈሉኝም፣ አሁን ደግሞ ጌሾ!" እያለች። የኔአለም ከትናንት ጀምሮ እዚህ ናት፤ ሊጡን ያቦካችው እሷ ናት።

በር አጠገብ ልቀመጥ ስል ቦታ አጣሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁሉም በር አጠገብ ሆነዋል። የዘማርያም አንድ እግር ውጭ ነበር። ቆሜ አስተናገድሁ።

ኅዳር 18

ሰኞ። ከወፍጮ በፊት ደምለው ጋ ዱቄትን ቀንበር ስናለምድ አነጋን። እኔ ከፊት እየመራሁ፣ እሱ ከኋላ እየጮኸ። ሁለት ጊዜ ጣለኝ። የደምለው ያረጀው በሬ እንኳ የታዘበኝ መሰለኝ።

አሰገደች ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስታየኝ፣ "ውይ! ዛሬ ደግሞ አፈር ነው የለበሱት?" አለች።

ማታ ታጠብሁ። የቀረኝን ሳልቆጥር ልተኛ ነው።