ላም የሌለው ተጠያቂ

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከትምህርት ቤት ስመለስ መብራት የለም። ባሌ ዘሩባቤል ኮምፒውተሩ ጠፍቶበት ግቢውን ይዞራል። ደስ አለኝ... ቢያንስ ምሳ አብረን በላን።

ሙሉሽ ከቱርሚ ደወለች። የልጅነት ጓደኛዬ፣ ትንሽ ሆቴል አላት፤ ሐመርኛ እንደ ውኃ ነው የምትናገረው። ዘሩ የሠራው ስልክ የሚመልስ ማሽን ለሚደውል ሁሉ የፍየል ዋጋ ሲነግር የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። እና ዛሬ አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሞ ተቆጣት!

"ከብቶችሽ ደኅና ናቸው ብዬ ስጠይቅሽ ሳትመልሺ ወደ ዋጋ ገባሽ። ኮራሽብን!"

እኔ አይደለሁም ብትል ማን ይስማት? ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ዛሬ ሳቅ የለም። በዞኑ አዳራሽ ስለ አዲሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አዋጅ ማብራሪያ ተሰጠ። ዘሩን ጎትቼ ወሰድኩት። ሱአድ የምትባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥታ አስረዳች (ሻሿ እንዴት እንደሚያምር... እሱን ሌላ ቀን)። እንዲህ ያለ ማሽን የሚያሠራ ድርጅት ሁሉ ይመዝገብ። ማሽኑ አፉን ሲከፍት "ማሽን ነኝ" ይበል። የድምፁ ባለቤት ትፍቀድ። ስሕተት ቢፈጠር የሚጠየቅ ሰው በስሙ ይታወቅ። ቀነ ገደቡ ሁለት ወር።

ዘሩ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ማሽን መሆኑን ከሰሙ ማን ይደውላል? አለቀልኝ።"

የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቆ ነው እዚህ ሥራ ውስጥ የገባው። ምን ልበለው?

እሑድ፣ ጥር 24

ሙሉሽ ፈቀደች። "ድምፄን ውሰዱ፣ ስድቡን ግን ለራሳችሁ!"

ዘሩ "ማሽን ነኝ" የሚለውን ማስታወቂያ ማሽኑ ላይ ጭኖ ቤት መቀመጥ ነው የፈለገው።

"ሂድና ፊታቸው ቆመህ ንገራቸው" አልኩት።

ሰው ፊት መናገር ሞቱ ነው። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንግዶቹን ያመሰገንኩት እኔ ነኝ!

ሰኞ፣ የካቲት 2

ቱርሚ። በአይሱዙ አቧራ እየቃምን ደረስን። ገበያው ዳር ግራር ሥር ሽማግሌዎቹ ትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው፣ በርኩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዘሩ ቆመ።

"ስልክ ላይ የምትሰሟት ሙሉሽ አይደለችም። ማሽን ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ሙሉሽ ተረጎመችላቸው። ኦይታ የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ማሽኑ ዘመድ አለው?"

"የለውም።"

"ፍየል ይገዛል?"

"አይገዛም።"

"ሥጋ ይበላል?"

ዘሩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። "አይ... አይበላም።"

"ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከንም! ሙሉሽ መስላን፣ ለሆቴሏ ፍየል ስለምትገዛ ዋጋ ታሳንሳለች ብለን፣ በነገረችን ላይ ሁልጊዜ እንጨምር ነበር!"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሙሉሽ ይህንንም ራሷ ናት የተረጎመችው፣ እየተሳደበች። "ስንት ዓመት አብልቻችሁ!"

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ማሽኑ አሁን "ማሽን ነኝ፤ ከተሳሳትኩ ዘሩባቤልን ጠይቁ" ብሎ የዘሩን ስልክ ቁጥር ይሰጣል። ጧት የመጀመሪያው ደዋይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦይታ! በራሳቸው አማርኛ፤

"ዘሩባቤል፣ ከብትህ ደኅና?"

"አባባ፣ ከብት የለኝም።"

"ፍየል?"

"የለኝም።"



"ማሽን ቢዋሽ ምን ይዘህ ትጠየቃለህ?"

ዘሩ አዋጁን ማስረዳት ጀመረ። ቅጣቱ፣ አንቀጹ...

"አንቀጽ ይታለባል?" አሉት።

ሰኞ፣ የካቲት 9

እንደገና ቱርሚ። ዘሩ አንዲት ነጭ ፍየል ገዛ፤ እርጉዝ ናት። በኦይታ መንጋ ውስጥ አስገባት። ማሽኑ ዋሽቶ የጎዳው ሰው ካለ ይወስዳታል። ሽማግሌው እጁን ጨበጡ።

"አሁን ሰው ሆንክ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ደዋዩ በዛ። ለማሽኑ ሰላምታ የሚሰጥ ቀርቷል፤ ሰላምታው ሁሉ ወደ ዘሩ ነው የሚመጣው። ሳይሰለች ይመልሳል። ይሄ ሰውዬ ባሌ ነው?

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ነገ ቀነ ገደቡ ያልቃል። ዞኑ ቢሮ ሄደን ዘሩ የምዝገባ ቅጹን ይሞላል፣ እኔ አጠገቡ ነኝ። "ለሚደርስ ጉዳት የቀረበ ዋስትና" የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። አነሣና...

"ወለደች! ሁለት! መንታ!" ብሎ ቢሮው መሀል ዘለለ።

የቢሮው ሰው ሁሉ ተነሣ። "እንኳን ማርያም ማረቻት!" አበዛሽ፣ መዝጋቢዋ፣ ሆዴን እያየች ግራ ገባት። ዘሩ ሁሉንም አንገታቸውን አቅፎ ሳመ፣ ማንንም አላረመም፣ ተመልሶም ተቀመጠና ጻፈ፦

"ሦስት ፍየል። ቱርሚ፣ አቶ ኦይታ ዘንድ።"

አበዛሽ ሁለቴ አነበበችው። ቀና ብላ አየችን።

"ማን ይጠብቃቸዋል?"

"የሚከሱኝ ሰዎች" አላት ዘሩ።

ማኅተሙን አሳረፈችበት።