ባምባሲ ድረስ ሽሽት

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ፣ ያ የወገብ ሕመምሽስ ተሻለሽ? እኔ ዛሬ በጣም ደህና ነኝ። አሶሳ ሙቀቱ ጀምሯል፤ ማንጎው ግን ገና አበባ ላይ ነው። ክልሉ አዲስ ስለሆነ ቢሮአችን ውስጥ ከወንበር ሰው ይበዛል፣ ዘግይቶ የገባ ቆሞ ይውላል።

ለደብዳቤዎችሽ መልስ ያልሰጠሁት ንቄሽ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አሁን እፎይ ስላልኩ ልንገርሽ፣ ብቻ ለሰው እንዳታወሪ። ክረምት ላይ ለሥራ ካማሺ ሄደን ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ አስቀረን። አብሮን ደባልቄ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነበር። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ ተጫዋች ነው። ሲያስቀኝ አመሸ፣ እኔም ስስቅለት አመሸሁ፤ የቀረውን አንቺው ጨርሺው። ጥንቃቄ የሚባል ነገር ትዝ ያለኝ ሲነጋ ነው።

አሶሳ እንደተመለስን እሱን ላለማየት ከቢሮ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሬዲዮው ስለ ኤች አይ ቪ ሲያወራ እዘጋዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ምላሴን በመስታወት አያለሁ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ ብዬ አለቅሳለሁ። የሰፋኝ ምግብ ስለተውኩ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ድስቶቼን ለማን እንደማወርስ ሁሉ ወስኜ ነበር። ትልቁ ላንቺ ደርሶሽ ነበር፣ አሁን ግን ተስፋ ቁረጪ።

በመጨረሻ ልመርመር አልኩ። አሶሳ ላይ ግን እንዴት ይሆናል? የምርመራው ክፍል በር ላይ ከታየሽ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ቤትሽ ይገባል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ባምባሲ በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ። አጠገቤ ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? የቢሮአችን ገንዘብ ያዥ ማንጠግቦሽ። ቅቤ ልገዛ ነው አለችኝ፤ እኔም ማር ልገዛ ነው አልኳት። ባምባሲ ወርደን ተሰነባበትን፣ እሷ በግራ እኔ በቀኝ ዞርን፣ የምርመራው ክፍል በር ላይ ተገናኘን። አግዳሚው ላይ የመሥሪያ ቤታችን ግማሹ ተደርድሯል። ሁሉም እንደ እኔ ከአሶሳ ዓይን ሸሽቶ የመጣ ነው፤ አሁን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሹፌራችን ኢተፋ ብቻ ኑ ቦታ አለ ብሎ ጠጋ አለልን።

ጥጉ ላይ ደባልቄ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ። ለካ እሱም በእኔ ሰበብ ፈርቶ ነው የመጣው። ፍርሃቴን ረስቼ ተናደድኩ፤ እኔን ነው እንዴ የጠረጠርከው አልኩት። አንቺስ ማንን ጠርጥረሽ መጣሽ አለኝ። ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ።

ውጤታችን ጥሩ ነበር፤ ግን ቫይረሱ ቶሎ ላይታይ ይችላልና ከሦስት ወር በኋላ ድገሙ ተባልን። ያን ጊዜ አብረን ፈራን። እሑድ እሑድ እየመጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ስለ ታመሙ ላሞች ያወራኛል። እጄን እንኳ አልነካኝም። እኔ ስሰጋ እሱ ያሾፍብኛል፣ እሱ ሲፈራ እኔ አሾፍበታለሁ። በዚህ መሃል ለመድኩት፤ እሑድ እስኪደርስ ይጨንቀኝ ጀመር።

ትናንት ቀኑ ደረሰ። ባምባሲ የምንሄደው ማንን ሽሽት ነው፣ ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው አለኝና፣ እዚሁ አሶሳ በጠራራ ፀሐይ በሆስፒታሉ ዋና በር ገባን። ልብሽን አላንጠለጥለውም፤ ሁለታችንም ነጻ ነን። በደስታ ሳለቅስ አደርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ደም ከመስጠታችን በፊት የሆነውን ነው። አማካሪዋ ለምን መመርመር እንደፈለግን ጠየቀችን። እኔ ለጥንቃቄ ነው ልል አፌን ስከፍት ደባልቄ ቀደመኝና ለጋብቻ ነው አላት። ለእኔ አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም፤ ውጤቱም ገና አልታወቀም ነበር። አማካሪዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

እናቴን ቀስ ብዬ ራሴ ልንገራት፤ እስከዚያ አፍሽን ያዢልኝ። አንቺ ግን ጾሙ እንደተፈታ ለመምጣት ተዘጋጂ፣ ያንን ጥልፍ ቀሚስሽንም እንዳትረሺ።

እስክንተያይ ጤናውን ያብዛልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ፣ ያሰብሽውንም ይሙላልሽ።

አብሮ አደግሽ
ከአሶሳ