ለርዕስ አጽዳቂው ኮሚቴ፤ ስለ ሦስት መቶ ሰማንያ አራቱ ሟቾችዎ

ለተከበሩ የኮሌጁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጽዳቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ዓመት በምረቃው ዕለት ንግግር ሲያደርጉ እጅዎን ወደ ኋላ ሰደው ወገብዎን ሲያሹ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አይቼዎት ነበርና፣ ሕመሙ ሻል ብሎዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ካልተሻለዎትም ጤና ጣቢያ በሄዱ ቀን ካርድዎ በአንድ ጊዜ የሚገኝ ያድርግልዎት። ይህን ምርቃት አቅልለው እንዳያዩብኝ አደራ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

እኔ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ። ተማሪዎችዎ «ጋሼ ማርጅን» ይሉኛል፤ በገጹ ግራና ቀኝ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲጠብብኝ ስለምቆጣ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ስተይብላቸው ኖሬያለሁ። እርስዎ ያጸደቁትን ሁሉ እኔ ጽፌዋለሁና፣ ሳስበው ሳንተዋወቅ አብረን ያረጀን የሥራ ባልደረቦች ነን፤ ልዩነታችን እኔ ጽሑፎቹን ማንበቤ ብቻ ነው።

ጉዳዬ የልጄ ጉዳይ ነው። በመጪው ዓርብ ከዝርዝርዎ በተመረጠ ርዕስ የተሠራ ጽሑፍ ካላስገባች ዘንድሮ አትመረቅም ተብላለች፤ ደክማ የሠራችው ጽሑፍ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ስለዚሁ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቼ ሦስቱንም ጊዜ መዝገብ ቤት «ለሚመለከተው ተመርቷል» ብሎ ሸኝቶኛል። የሚመለከተው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን ስላልታወቀ፣ ለሁሉም ሰው ብጽፍ ከመሃል አንዱ ይሆናል ብዬ ይህን በሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ። ስለ ዝርዝሩ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መስታወት የተቆለፈባቸው አርባ ርዕሶች፣ ዐሥሩ ከኅብረተሰብ፣ ዐሥሩ ከታሪክ፣ ዐሥሩ ከሥነ ጽሑፍ፣ ዐሥሩ ከጤና፣ እኔ ሥራ ስጀምር የነበሩት ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ማሻሻያ ተደርጓል፤ «ቴሌቪዥን በወጣቶች ጠባይ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ከሚለው ላይ ቴሌቪዥን ወጥቶ ሞባይል ስልክ ገብቷል። ግኝቱ ግን አልተነካም። ያኔም ወጣቶቹ ተበላሽተው ነበር፣ አሁንም ተበላሽተዋል፣ መፍትሔውም እንደ ድሮው ወላጆች ቁጥጥር ማድረጋቸው ነው። ስለ እጅ መታጠብ ጥቅም ስጽፍ ስለምውል፣ በቀለም የጠቆረ እጄን ሳልታጠብ ምሳዬን የምበላበት ቀን ብዙ ነው። በልቦለድ ውስጥ በሴት ገጸ ባሕርያት ላይ የሚደርሰውን በደልም እስከ ዛሬ ስልሳ ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሴቶቹ ስልሳ ሰባት ጊዜ ተበድለው ስልሳ ሰባት ጊዜ «ሊታሰብበት ይገባል» ተብሎላቸዋል።

ተማሪዎቹም ቢሆኑ ሰው ናቸውና፣ ርዕሱ ካልተለወጠ ጽሑፉ ለምን ይለወጣል ብለው አሮጌውን ከእኔ ኮምፒውተር ይወስዳሉ። ባለፈው ዓመት ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ተማሪ በምስጋናው ገጽ ላይ «በጥናቱ ወቅት ትዕግሥት ላሳየችኝ ባለቤቴና ለሦስቱ ልጆቼ» ብሎ አመስግኖ አልፏል። ሴትዮዋ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የተመረቀ የአንድ ጎልማሳ ሚስት ናት። ከዚያ ወዲህ የስንት ሰው ሚስት እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እርስዎም ሁሉንም ጋብቻዎች በፊርማዎ አጽንተዋል።

ሁለተኛ። ይህኛው አቤቱታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ የስልኩን ጥናት በእጁ ጽፎ አመጣልኝ። ከመሃሉ «መጠይቁ ለ384 ሰዎች ታድሎ ሁሉም በፈቃደኝነት ሞልተዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። 384 ማለት፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ ስንት ሰው ይጠየቅ ሲባል ቀመራችሁ ሁልጊዜ የሚያወጣው ቁጥር ነው። እኔ በጥድፊያ «ል»ን ዘለልኳት። ስለዚህ መጠይቁ ለ384 ሰዎች ታድሎ ሁሉም በፈቃደኝነት ሞተዋል።

ስሕተቱን ያየሁት ጽሑፉ ተጠርዞ ከገባ በኋላ ነበር። ኮሚቴው አስጠርቶ ያዋርደኛል ብዬ ስጠብቅ ጽሑፉ «እጅግ በጣም ጥሩ» አገኘ። በዓመቱ ሌላው ገለበጠው፤ እሱም «እጅግ በጣም ጥሩ» አገኘ። ከዚያ ዐረፍተ ነገሯ ወደ እጅ መታጠቡም፣ ወደ ታሪኩም ተዛመተች። አንዲት ፊደል ማስገባት አቅቶኝ አይደለም፤ እስቲ ማን ያያት ይሆን ብዬ እልህ ይዞኝ ተውኳት። በዓመት በትንሹ ሃያ ጽሑፍ ብንል፣ በኮሌጅዎ ጥናቶች በፈቃዱ የሞተው ሕዝብ ከሰማንያ አራት ሺህ አልፏል። ከዚህ ሁሉ ሬሳ መካከል አንድ አማካሪ፣ አንድ ፈታኝ፣ አንድ የኮሚቴ አባል አንዱን እንኳ ረግጦ አልተሰናከለም። ነገሩን የሚያውቁት ባለቤቴና ልጄ ብቻ ነበሩ። ባለቤቴ የማስረከቢያው ሳምንት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ ቀብሩ መቼ ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሦስተኛ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እየቀለድኩ መጻፍ ስላቃተኝ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስምንት ዓመት የደም ግፊት መድኃኒት ስትወስድ ኖራለች፤ መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ደግሞ ያለ ካርድ አያይም። የስሟ መነሻ ፊደል «ሐ» ነው። ካርዷን መጀመሪያ ያወጣላት ሠራተኛ በሐመሩ «ሐ» ጽፎ በቦታው አስቀመጠው። በኋላ የተተካው ሠራተኛ ግን የሚፈልጋት በሃሌታው «ሀ» መደርደሪያ ነበር። እርስዎ እንደሚያውቁት ሁለቱ ፊደላት በአፍ ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ በካርድ ክፍሉ ውስጥ ግን በመሃላቸው የ«ለ» መደርደሪያ አለ። አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ካርዱ ጠፍቷል፣ ሰኞ ይምጡ ተባለች። አዲስ ይውጣልኝ ብትል፣ ነባር ታካሚ ስለሆኑ አዲስ አይወጣልዎትም ተባለች። ነባር መሆኗን የሚያስረዳው ካርድ ደግሞ የጠፋው ነው። ሰኞ ሄደች፤ ሐሙስ ሄደች፤ መድኃኒቷ ካለቀ ሰንብቷል። በሚቀጥለው ሰኞ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ ወደ ጎን ዘንበል አለች። አጠገቧ የነበረችው ሴት እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት፣ ትንሽ ትረፍ ብላ፣ ትከሻዋን ሰጠቻት። ያችን ሴት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ፤ ይህ ምስጋና እንደ ሌሎቹ አይደለም፣ የእውነት ነው።

ካርዷ የተገኘው በማግሥቱ፣ የሞት ማስረጃ ለመጻፍ ሲያስፈልግ ነው። ልጄ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ በሐመሩ «ሐ» እንዲፈልጉላት ጠየቀች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እኔስ የት ነበርኩ ቢሉኝ፣ የተማሪዎችዎ የዓምናው ማስረከቢያ ሳምንት ነበርና ከሱቄ አልወጣሁም። ፊደል አዋቂው፣ ስለ «ሠ»ና ስለ «ሰ» ከልጆች ጋር ስጨቃጨቅ የምውለው ሰውዬ፣ አብሬያት ብሄድ በመጀመሪያው ቀን አገኘው ነበር። እሷ አግዳሚው ላይ ስትጠብቅ እኔ 384 ሰው ስገድል ነበርኩ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ የእርስዎንም ይቅርታ የምጠይቀው ነገር አይደለም።

አራተኛ። ለቅሶ ሊደርሰን የመጣው ሰው ሁሉ «ጥናቱን ይስጣችሁ» ብሎን ሄደ። ልጄ የጤና መረጃ አያያዝ ተማሪ ናትና ቃሉን እንዳለ ተቀብላ፣ ጥናቱን እርስዎ እንዲሰጧት አመለከተች። ርዕሷ «በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሞክሼ ፊደላት ለታካሚ ካርድ መጥፋት ያላቸው ድርሻ» የሚል ነበር። መልስዎን ስትጠብቅ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ካርድ በካርድ ስታገላብጥ ከረመች፤ የእናቷን ካርድ በ«ሀ» የፈለገው ሠራተኛ ራሱ መሰላሉን ይይዝላት ነበር። ጠፍተዋል ከተባሉት ውስጥ ስልሳ አንድ ካርድ ከሞክሼው መደርደሪያ አወጣች። የዐሥራ ሁለቱ ባለቤቶች ካርዳችሁ ጠፍቷል ከተባሉ በኋላ ዳግም አልመጡም። የት እንደደረሱ ለማወቅ ቤት ለቤት ሄዳ ጠይቃለች፤ ያገኘችውን ጽፋዋለች፤ እኔም ተይቤዋለሁ፤ አንድም ፊደል አልዘለልኩም።

መልስዎ ከአራት ወር በኋላ፣ ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደረሰን። በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ርዕሱ ከአራቱ ዘርፎች ወደ የትኛው እንደሚመደብ አልታወቀም። የፊደል ጉዳይ ስላለበት ጤና አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ስላለበት ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ቀደም ሲል ያልተጠና በመሆኑ ሊጠና አይችልም። ከዝርዝሩ ይመረጥ።» እጅ ጽሑፍዎ ያምራል፤ በግራ በኩል የተዉት ቦታም በቂ ነው። ልጄ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችና «አባዬ፣ የእማዬ ካርድ የጠፋበት መደርደሪያ እዚህም አለ» አለችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ተማሪዎቹ ከሚሰለፉበት ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆማ፣ ተራዋ ሲደርስ «ጋሼ ማርጅን፣ የስልኩን ይስጡኝ» አለችኝ። አባዬ አላለችኝም፤ በአንቱታ ነው የጠየቀችኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሽፋን ላይ የስንቱን ስም አጥፍቼ የስንቱን ጽፌያለሁ፤ ያን ቀን ግን የገዛ ልጄን ስም መጻፍ አቃተኝ። ሰጠኋት፤ ስሟን ራሷ ጻፈችው።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ከአርባው ርዕስ በታች አርባ አንደኛ ይጨመር፤ ዘርፉ ካስቸገረዎት «ሌላ» ይበሉት። የልጄ እውነተኛ ጽሑፍ ተጠርዞ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ይፈርሙልኝ እንጂ መንገዱን ተሻግሬ የማደርሰው እኔ ነኝ። ቀደምት ጥናት የለውም ላሉት፣ እውነት ነው፣ የለውም፤ ለሚቀጥለው ተማሪ ቀደምት የሚሆነው እሱ ነው። ደክሞኛል፤ ከዚህ በላይ የማስረዳበት ጉልበት የለኝም።

ወገብዎ እንዲጠናልዎት፣ መነጽርዎ እንዲገኝልዎት፣ ካርድዎም በሞክሼው መደርደሪያ ከመሰወር እንዲተርፍልዎት እየተመኘሁ፣ በግራም በቀኝም በቂ ክፍት ቦታ ትቼ እጅ እነሣለሁ፤

ያልተመደበው የሥራ ባልደረባዎ፣
ጋሼ ማርጅን

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ልጄ የስልኩን ጽሑፍ ለኅትመት አምጥታልኛለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት፤ ከሽፋኑ ሌላ እጇ ያረፈው አንዲት መስመር ላይ ብቻ ነው። 384 የነበረውን 385 አድርጋዋለች፤ «በፈቃደኝነት» የሚለውን ቃል ደግሞ አውጥታዋለች። የጎደለችውን «ል» ላስገባላት ስል እጄን ያዘችኝ። ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ይደርሳል፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ «እጅግ በጣም ጥሩ» እንደሚሰጧት አልጠራጠርም።