ጥያቄውን ሳላነብ የያዝኩት መልስ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለአብዱልፈታ፣
ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም መሪ ስትይዝ ትራስ ደርበህ ነው የምትውለው? ሙቀቱስ? ሥራውስ? አብሮህ የሚኖረው ሪድዋንስ ደህና ነው? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ያልኩት ግን ለሰላምታው ወግ ያህል ነው። እኔስ ደህና አይደለሁም፤ ፈርቻለሁ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። የቤቱ ስልክ የእማዬ ነው፤ ካንተ ጋር ስታወራ ደግሞ ድምፁን ለቃው ፈላና በር ጫፍ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ለዑምራ ለሚመጣው ለአጎታችን ልጅ ለአደም ሰጠሁት። ወሬ ሲወድ ታውቀዋለህና ፖስታውን በማስቲሽ አጣብቄ በላዩ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ተቀዶ ከደረሰህ ንገረኝ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። የምንፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን፣ እዚያው እያደርን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ዓመቱን ሙሉ አብራኝ ከምትማረው ከመርየም ጋር እኛ ግቢ ቁጭ ብለን ስናጠና ከረምን። የምናጠናው ከኮፒ ላይ ኮፒ እየተነሣ ግማሹ ፊደል የጠፋውን የድሮ ፈተና ነው፤ እዚህ ከተማ ያልያዘው ተማሪ የለም። እሷ የጥያቄውን ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልኩ የመልሱን ፊደል እመልሳለሁ። ቁርዓን ቤት እንዳለን እየተወዛወዝን ነበር የምንቀራው። እማዬ ከውስጥ ሆና እየሰማች ማሻአላህ ትላለች። ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት አፎቻም ልጄ እንግሊዝኛን ጠጥታዋለች ብላ አውርታ መጥታለች።

ባለፈው ሳምንት መምህር እንደሻው፣ ከጎጃም ተመድበው የመጡት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ያንኑ ወረቀት ይዘው ሊያከልሱን ገቡ። ገና ቁጥሩን ከመጥራታቸው ሲ ብዬ ጮህኩ። ልክ ነሽ አሉኝና ቀጥለው ጥያቄው ስለ ምን እንደሚናገር ጠየቁኝ። እንደገና ሲ አልኩ። ክፍሉን ጠየቁ፤ ክፍሉም ሲ አለ። ያኔ ጠመኔውን አነሱና ዓረፍተ ነገሩን ያለ ምርጫው ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ለካስ ስለ አንድ ገበሬ ነው፤ ዝናቡ በጊዜው ቢጥልለት ኖሮ ይዘራ ነበር የሚል። ያንን ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ ሲ እያልኩ ስጠራው ከርሜ፣ ገበሬ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ይቆጡናል ብለን ጠበቅን። አልተቆጡም። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ቀስ ብለው፣ ያ ጥያቄ ተመልሶ እንደማይመጣ፣ የጥያቄዎቹም ተራ ከተፈታኝ ተፈታኝ እንደሚለያይ ነገሩን። አብዱሌ፣ አስተማሪ ሲፈራ አይተህ ታውቃለህ?

ከዚያ ወዲህ ምርጫዎቹን በካርቶን ሸፍነን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እናነባለን። ያላወቅነውን ቃል ከመዝገበ ቃላት እንፈልጋለን፣ በራሳችን ዓረፍተ ነገር እንሠራበታለን። ትናንት የገባኝ ፓሲቭ ዛሬ ተመልሶ ይጠፋኛል። መርየም እንኳ፣ ያቺ ምንም የማትፈራ የምትመስለኝ፣ ትናንት መጽሐፉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አባብላታለሁ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ከፈተናውም ይልቅ የሚያስፈራኝ አንተ ያልከው ነገር ነው። ባለፈው ስትደውል፣ አይዞሽ፣ ብትወድቂም ግድ የለም፣ የአሠሪዬ እህት የቤት ሠራተኛ ስለምትፈልግ ቪዛውን አስጀምሬልሻለሁ ብለኸኛል። ለእኔ አዝነህ መሆኑ አይጠፋኝም። እማዬ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ "ብትወድቂም" ያልከውን ረስታ ቪዛውን ብቻ ይዛለች። ሸዋ በር ወስዳ የፓስፖርት ፎቶ አስነሥታኛለች። ሴትየዋ የምትፈልገኝ በነሐሴ ነው፤ ውጤት የሚወጣው በመስከረም ነው። እንግዲህ አስበው፤ ልለፍ ልውደቅ ሳላውቀው ልሄድ ነው። አልሄድም ስላት፣ የፈተና ፍርሃት ነው ትለኝና ዱዓ ያስደረገችባቸውን እርሳሶች አውጥታ ታሳየኛለች።

አንተም ያኔ ውጤትህ እንደወጣ ለማንም ሳትናገር በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻገርክ። ድምፅህ እስኪሰማ ድረስ እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ስለ መንገዱም ሆነ እዚያ ስለ ደረሰብህ ስጠይቅህ አንድም ቀን መልሰህልኝ አታውቅም፤ ስቀህ ታልፈዋለህ። ያ ሳቅህ ያስፈራኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉና ሳይደርስ ልለምንህ፤ ቪዛውን አስቁምልኝ። ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፤ ከወደቅኩ በግል ተመዝግቤ እደግማለሁ። እንግሊዝኛን ገና አሁን መማር መጀመሬ ነው፣ ወንድሜ።

አጎታችን ዓሊዪ ለወገብህ የሚሆን ቅባት በአደም እጅ ልኮልሃል፤ ሽታውን ቻለው። መርየም ሰላም ብላሃለች። እማዬ ከየሰላቱ በኋላ ስምህን ሳትጠራ አትነሣም። ለሪድዋንም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ይህን ደብዳቤ ግን ለእማዬ እንዳታነሣላት፤ ትሰበርብኛለች። ስትደውል፣ ሴትየዋ ሌላ ሠራተኛ አገኘች በላት። ያስዋሸሁህ እኔ ነኝና ወንጀሉ በእኔ ይሁን።

እህትህ ናፊያ
ሐረር፣ ፈላና በር
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.